ወደ እስያ፣ በስቶክሆልም በኩል

ከስዊድን ከተመለስኩ ወዲህ ናዝሬት ውስጥ የሚያውቀኝም የማያውቀኝም «እንዴት ነው ሀገሩ?» ይለኛል። «ብርድ ነው» እላለሁ። «ሕዝቡስ?» «ደግ ነው።» ከዚያ ቶሎ ብዬ ወሬ እቀይራለሁ። ወሬ የምጠላ ሰው ሆኜ አይደለም፤ የሚያውቁኝ ይመስክሩ። ነገሩ ሲነሳ ፊቴ ስለሚቀላ ነው። እንግዲህ በቃል ያቃተኝን በጽሑፍ ልሞክረው። ስቶክሆልምን በዓይናችሁ የማታዩ ብዙ ናችሁና መንገዱን፣ ማደሪያውንና ምግቡን እንደነበረ እነግራችኋለሁ። ሐውልትና ቤተ መንግሥት የሚፈልግ አንባቢ ግን ይቅርታ ያድርግልኝ፤ አንገቴን ደፍቼ ስለሄድኩ ብዙ አላየሁም።

መጀመሪያ የሄድኩበት ምክንያት። የሁለተኛ ደረጃ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነኝ። ስሜ ሳራ ዳንኤል ይባላል፤ ስሜን ልብ በሉልኝ፣ ጣጣው ሁሉ የመጣው ከእሱ ነው። እስያ ውስጥ ባለች አንዲት ሀገር፣ ስሟን አልጠራም፣ በሕጓ መሠረት እንጂ በክፋት ያደረገችኝ የለም፣ አንድ የግል ትምህርት ቤት የእንግሊዝኛ አስተማሪ እንደሚፈልግ አንዲት የማውቃት ሚሲዮናዊት ነገረችኝ። ጻፍኩ፣ መለሱልኝ፣ ተጻጻፍን። ባለቤቱ በእንግሊዝኛዬ ተደስቶ ውል ላከልኝ። በመጨረሻ ደብዳቤው የገናን ዕረፍት ለንደን ሄጄ ማሳለፍ እፈልግ እንደሆነ ጠየቀኝ። እኔ ሞኟ ደግነት መሰለኝ። «አመሰግናለሁ፣ ለንደን ሩቅ ነው፣ እዚያው እውላለሁ» ብዬ መለስኩለት።

የዚያች ሀገር የሥራ ቪዛ አዲስ አበባ አይሰጥም ነበር። ኤምባሲያቸው ካለበት ከየትኛውም ከተማ ማመልከት ትችያለሽ ተባልኩ። ስቶክሆልም ደግሞ እትዬ ጽጌ አሉ። እትዬ ጽጌ የእናቴ ጎረቤት ነበሩ፤ በደርግ ጊዜ በእምነታቸው ምክንያት ከባለቤታቸው ጋር በሱዳን በኩል ወጥተው እዚያ ቀሩ። ነገሩን ስጽፍላቸው ሳይውሉ ሳያድሩ የጉብኝት ጥሪ ላኩልኝ፣ እንደምመለስም ዋስ ሆነው ፈረሙ። የእግረ መንገዴን ዘመድ እጠይቃለሁ፣ ቪዛዬን እቀበላለሁ፣ ተመልሼ ሻንጣዬን አደራጅቼ ወደ እስያ እበራለሁ። ሐሳቡ እንዲህ ነበር።

ትምህርት ቤቴ ያለ ደመወዝ ፈቃድ አልሰጥም አለኝ። ተናደድኩና ሥራዬን ለቀቅኩ። መናደድ ይቀናኛል። ባልደረቦቼ ግን ቂም ሳይዙ ሽኝት አዘጋጁልኝ። ዳይሬክተራችን አቶ ግርማ «ለእስያ እንግሊዝኛ የምታስተምር የናዝሬት ልጅ» እያሉ ንግግር ሲያደርጉ እኔ አንገቴን ሰበር አድርጌ በውስጤ እቦርቅ ነበር። ያ ንግግር ትዝ ባለኝ ቁጥር ዛሬም ጆሮዬ ይግላል። ጊዜው 1988 ዓ.ም.፣ ጥቅምት ወር ማለቂያ ላይ ነው።

ማክሰኞ

ሰኞ ማታ ከቦሌ ተነስተን ማክሰኞ ጠዋት ፍራንክፈርት ደረስን። እዚያ አውሮፕላን እቀይራለሁ። አውሮፕላን ጣቢያው ውስጥ ወለሉ ራሱ ይሄዳል፤ ሰው ዝም ብሎ ይቆምበታል። እኔ ግን ያለ ልፋት መወሰዱ ይሉኝታ አስያዘኝና ሻንጣዬን እየጎተትኩ አብሬው እራመድ ነበር። መጨረሻው ላይ ስደርስ ሁለቱ ፍጥነቶች ተደምረው አንድ ሽማግሌ ጀርመን ላይ ወረወሩኝ። ሰውየው ደግፎ አቆመኝና ባርኔጣውን አንስቶ ሰላም አለኝ።

ስቶክሆልም፣ አርላንዳ የሚባለው አውሮፕላን ጣቢያ፣ እትዬ ጽጌና ባለቤታቸው ጋሼ በቀለ ቆመው ጠበቁኝ። እትዬ ጽጌ አጭር፣ ሙሉ ሰውነት ያላቸው፣ ድምፃቸው ከሩቅ የሚሰማ ሴት ናቸው። «ሳራዬ! የእማዋይሽ ልጅ! ጌታ ይባረክ!» ብለው ሲያቅፉኝ ያ ሁሉ ጸጥ ያለ ሕዝብ ዞሮ አየን። ጋሼ በቀለ ቀጭንና ዝምተኛ ናቸው፤ የከተማ አውቶቡስ ይነዳሉ። ሻንጣዬን ወስደው ቀድመውን ሄዱ።

በአውቶቡስ ከተማ ገብተን ቱነልባና በሚሉት የመሬት ውስጥ ባቡር እነሱ ወደሚኖሩበት ሰፈር ወደ ቬሊንግቢ ተሳፈርን። ባቡሩ ጢም ብሎ ሞልቷል፣ አንድም ሰው አያወራም። እኔ ከናዝሬት አዲስ አበባ ስሄድ ሞጆ ሳልደርስ አጠገቤ የተቀመጠውን ሰው የትዳሩን ሁኔታ አውቃለሁ። እዚህ ጉልበታችን ተነካክቶ ዓይን ለዓይን አንተያይም። «ተጣልተዋል እንዴ?» አልኳቸው እትዬ ጽጌን። «ኧረ ሰላም ናቸው፣ እንዲህ ነው የሚኖሩት» አሉኝ።

ቤታቸው አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። በሩ ላይ ጫማ ይወለቃል። ይህን ማን ነገረኝና! ጫማዬን ሳወልቅ የስቶኪንጌ ጫፍ ተቀዶ አውራ ጣቴ ብቅ ብሎ ሰላም አለ። ጋሼ በቀለ ወዲያው ወደ መስኮቱ ዞረው ስለ አየሩ ማውራት ጀመሩ። እትዬ ጽጌ ሳቃቸውን ይዘው የሱፍ ካልሲ አመጡልኝ። የራት ምግቡ ድቡልቡል የተጠበሰ ሥጋ ከድንች ጋር ሲሆን አጠገቡ ቀይ ማርማላታ አለ። ማርማላታውን ለዳቦ የመጣ መስሎኝ በዳቦ በላሁት፤ ለካ ከሥጋው ጋር ነው የሚበላው። መኝታ ላይ የራሳቸውን ክፍል ለቀው ሳሎን ሊተኙ ሲሉ ለመንኳቸው፣ ተቆጣሁ፣ አልሰሙኝም። «እንግዳ ሳሎን አይተኛም» አሉኝ ጋሼ በቀለ። በዚያ ቀን የሰማሁት ረጅሙ ንግግራቸው ይህ ነው።

ረቡዕ

ሁለቱም ማለዳ ወደ ሥራ ሄዱ። እትዬ ጽጌ ሁዲንጌ ያለው ትልቁ ሆስፒታል ውስጥ ሕመምተኞችን ይረዳሉ። እኔ የሰው አልጋ ላይ ተኝቼ፣ የሰው ካልሲ አድርጌ እጄን አጣጥፌ መቀመጥ አልሆነልኝም። መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ የቆሸሸ ልብስ የሞላ ቅርጫት አየሁ። ምድር ቤት የልብስ ማጠቢያ ማሽን እንዳለ ማታ ሲያወሩ ሰምቻለሁ። ቅርጫቱን ይዤ ወረድኩ፣ አንድ ባዶ ማሽን አገኘሁ፣ አጎርኩበት።

ማሽኑ መሽከርከር ሲጀምር አንዲት ፀጉራቸው የነጣ ረጅም ስዊድናዊት ቅርጫት ይዘው ገቡ። ማሽኑን አዩ፣ እኔን አዩ፣ በግድግዳው ሰሌዳ ላይ የተሰካችውን ትንሽ ቁልፍ አዩ። ለካ እያንዳንዱ ቤት የማጠቢያ ሰዓቱን በዚያች ቁልፍ ይይዛል፤ ሰዓቱ የሳቸው ነው። እኔ የቁልፍ ማንጠልጠያ መስሎኝ አልፌዋለሁ። በእንግሊዝኛ ይቅርታ ጠየቅኩና ላወጣው ብል ማሽኑ ሥራውን ሳይጨርስ አይከፈትም። የጋሼ በቀለ የውስጥ ሱሪዎች በመስታወቱ እያለፉ ሁለታችን አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠን እንጠብቃለን። ከሀፍረቴ የተነሳ የማወራው ጠፍቶኝ «ሁልጊዜ እንዲህ ይጨልማል?» አልኳቸው።

ሴትዮዋ አፋቸውን በትንሹ ከፍተው ትንፋሻቸውን ወደ ውስጥ ሳብ አደረጉ። በቃ። ልክ እንደኛ! እኛ «አዎ» ማለት ሲሰለቸን አየር የምንውጥበትን መንገድ ታውቁታላችሁ። ስንቱን ተማሪ በዚህ ነገር ተቆጥቻለሁ! «እንግሊዝኛ ላይ አየር መዋጥ የለም! ዬስ በሉ!» እያልኩ ጠረጴዛ የደበደብኩት ስንት ጊዜ ነው። ሳቄ መጣ። ሴትዮዋ ከሰሜን ስዊድን እንደመጡና የሳቸው ሀገር ሰው ሁሉ አዎን እንዲያ እንደሚል ነገሩኝ። «የእኛም» አልኳቸው። ማሽኑ ሲቆም ልብሱን አብረውኝ አጣጠፉ።

ጋሼ በቀለ ከሥራ ሲመለሱ የታጠበውን ልብስ አይተው ክው አሉ። «ትቬትስቱጋው ውስጥ ቲድ ሳትይዢ ገባሽ?» አሉኝ። ስዊድንኛውን ባላውቅም፣ ማጠቢያ ቤቱ ሰዓት ሳልይዝ መግባቴን ማለታቸው እንደሆነ ከፊታቸው ገባኝ። እትዬ ጽጌ ደግሞ ዳቦ ይዘው ጎረቤቲቱ ዘንድ ይቅርታ ሊጠይቁልኝ ሄዱ፤ አንድ ማሰሮ የፍራፍሬ ማርማላታ ተሰጥቷቸው ተመለሱ።

አመሻሹ ላይ የጸሎት ስብሰባ ወሰዱኝ። በማላውቀው ሀገር ከሃያ በላይ የማላውቃቸው ሐበሾች ስሜን ያውቃሉ። ፕሮግራም የሚመራው ወንድም ኤልያስ የሚባል ሰው «እህት ሳራ ዓርብ ኤምባሲ ትገባለች፤ ሥራዋን ለቃ ነው የመጣችው፣ ወደ ኋላ የምትመለስበት የላትም፣ በጸሎት እንያዛት» አለ። እጃቸውን ጭንቅላቴ ላይ ጫኑ። አንዳንዱ አለቀሰልኝ። ይህን ያህል ሰው ለአንድ ቪዛ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም።

ሐሙስ

ቀኑን ሙሉ ዘነበ። ከቀትር በኋላ በዘጠኝ ሰዓት ሊመሽ ጀመረ፤ እዚያ ሦስት ሰዓት ይሉታል። ብቻዬን ወደ ቬሊንግቢ ገበያ ወጣሁ። ካፌው በር ላይ ጋሪ ውስጥ የተኛ ሕፃን አየሁ፣ እናቱ ውስጥ ቡና ትጠጣለች። ናዝሬት ቢሆን ሰፈሩ በሙሉ ይጮህ ነበር። እኔም አላስቻለኝም፣ ሕፃኑን ብርድ እንዳይመታው በጃንጥላዬ ጋርጄው ቆምኩ። እናትየዋ ወጥታ አመሰገነችኝና ጃንጥላውን በትሕትና መለሰችልኝ፤ ልጁ ንጹሕ አየር እንዲያገኝ ሆን ብላ እንደሆነ አስረዳችኝ። በዚያች ከተማ የምነካው ሁሉ ሲበላሽ ማየት ለመድኩ።

ዓርብ

ጋሼ በቀለ እስከ ኤምባሲው በር አድርሰውኝ ወደ ሥራቸው ሄዱ። «እንዳለቀልሽ ለጽጌ ደውዪላት፣ በሐሳብ ታልቃለች» ብለው ሳንቲም በእጄ አስጨበጡኝ። እትዬ ጽጌ የሆስፒታሉን ክፍል ስልክ ጽፈው ሰጥተውኛል።

የተቀበለኝ ወጣት የዚያች ሀገር ሰው ነው፣ ትሑት፣ ሸሚዙ የተተኮሰ። ውሌን አየ፣ ፈገግ አለ። ፓስፖርቴን ገለጠ፣ ፈገግታው ቆመ። ገጹን አገላበጠና «ሌላኛው ፓስፖርትዎስ?» አለኝ።

«የቱ ሌላኛው?»

«የእንግሊዝ ወይም የአሜሪካ፣ ወይም…»

«ይኸው ነው ያለኝ።»

«ሳራ ዳንኤል» አለ፣ ስሜን ከውሉ ላይ እያነበበ። «የቤተሰብዎ ስም ዳንኤል ነው?»

«የአባቴ ስም ነው። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፣ የአባታችንን ስም ነው የምናስከትለው» አልኩት። አባቴ የዳንኤልን ስም ያገኘው ከመጽሐፍ ቅዱስ ነው፣ እኔም ሳራን እንዲሁ። የወንጌል አማኝ ቤት እንዲህ ነው። ስንቱ ሳራ፣ ስንቱ ሳሙኤል፣ ስንቱ ቶማስ ናዝሬት ውስጥ ሞልቷል፤ እንግሊዝ እንመስላለን ብሎ ማን ያስባል!

ልጁ አፍሮ ነገረኝ፣ እውነቴን ነው፣ እሱም አፍሯል። በሕጋቸው መሠረት እንግሊዝኛ ለማስተማር የሥራ ቪዛ የሚሰጠው እንግሊዝኛ የእናት ቋንቋው ከሆነ ሀገር ለመጣ ዜጋ ብቻ ነው። ዲግሪዬን አሳየሁት፣ የሥራ ልምዴን አሳየሁት። «እንግሊዝኛዎ በጣም ጥሩ ነው» አለኝ። ከሁሉ የመረረኝ ይህች ምስጋና ናት። ለእንግሊዝ ሰው እንግሊዝኛህ ጥሩ ነው የሚል የለም።

አዝኖልኝ ወደ ትምህርት ቤቱ ባለቤት ስልክ ደወለና መነጋገሪያውን ሰጠኝ። ድምፁን ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁ። ሽማግሌ ነው፣ ቀስ ብሎ ይናገራል። «ሚስ ዳንኤል፣ ለወላጆች አስተማሪቷ ከለንደን ትመጣለች ብዬ ነግሬያቸዋለሁ። ቢያዩዎት ልጆቻቸውን ያስወጣሉ። ይገባዎታል?»

አዎ ልለው አየር ሳብኩ።

«ሄሎ? ሚስ ዳንኤል?»

አሁንም አየር ሳብኩ። እኔ! ጠረጴዛ ስደበድብ የኖርኩት! «ዬስ» የምትል አንዲት ቃል ከአፌ አልወጣ አለች። ሰውየው መስመሩ የተቋረጠ መስሎት ሄሎ ሄሎ እያለ ዘጋው። ልጁ እስከ በር ሸኘኝ፣ ጃንጥላዬን ረስቼ ስለነበር ሮጦ አመጣልኝ።

ባቡር ጣቢያው ውስጥ ካለው የሕዝብ ስልክ ለእትዬ ጽጌ ደወልኩ። ከአሁን አሁን እያሉ ነበር መሰለኝ ራሳቸው አነሱት። «ሳራዬ! ተሳካ? ሰጡሽ?» አሉኝ። «እትዬ» ልል አፌን ስከፍት እስከዚያ የያዝኩት ልቅሶ ቀደመኝ። አንዴ ሳግ አለኝ፣ ትንፋሼ ወደ ውስጥ ተሳበ፣ ቃል አልወጣም። በዚያው ሳንቲሙ አልቆ ስልኩ ተቋረጠ። ሌላ ሳንቲም ነበረኝ። ማልቀሴን ሰምተዋል፣ ገብቷቸዋል ብዬ ተገላገልኩ፤ አልጨመርኩም።

አመሻሹ ላይ ጋሼ በቀለ ገቡ። «ሰማሁ፣ ጽጌ ደውላልኝ ነበር» አሉኝ። ቀና ብዬ ላያቸው አልቻልኩም። «ምን ይባላል! የጌታ ሥራ አይመረመርም።»

«አዎ ጋሼ።»

«አሁን ብዙ አታውሪ፣ ዕረፊ። እሁድ በጉባኤ ፊት ትናገሪዋለሽ።»

እንዴት ያሉ ጨዋ ሰው ናቸው፣ አላፋጠጡኝም ብዬ መረቅኋቸው። እትዬ ጽጌ አምሽተው ሲገቡ ብርድ ልብሱን ተከናንቤ የተኛሁ መሰልኩ። በሬን በትንሹ ከፍተው አይተውኝ መልሰው ዘጉት።

ቅዳሜ

ስነሳ እትዬ ጽጌ የሉም። ጋሼ በቀለ «ሶደርተልየ የምትባል ከተማ ሄዳለች፣ ጉዳይ አላት፣ እዚያው ታድራለች» አሉኝ፤ ሲሉኝም ፊታቸውን አዞሩ። ልቤ ስንጥቅ አለ። የእኔን ፊት ማየት ጠልተው ነው ቤታቸውን ጥለው የሄዱት። ዋስ ሆነው ፈርመው፣ አልጋቸውን ለቀው፣ ሕዝብ ሰብስበው አስጸልየው፣ በመጨረሻ ይህን ሬሳ ፊት ይዤ ቁርስ ልቀርባቸው! በቦታቸው ብሆን እኔም እሄድ ነበር።

ጋሼ በቀለ ወደ ገበያ ወሰዱኝና ውስጡ ሱፍ የሆነ የቆዳ ጓንት ገዙልኝ። «ኧረ ጋሼ፣ ከነገ ወዲያ እሄዳለሁ፣ ለምኔ ነው?» ብላቸው «ያስፈልግሻል፣ ቀዝቃዛ ሀገር ነው» አሉኝ። ስዊድንን የሚሉ መሰለኝ። እሳቸው ለካ እስያን ማለታቸው ነው። ጓንቱን አድርጌ ስሄድ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እመርጥ ነበር፤ ያልሠራሁትን ሥራ ደመወዝ የተቀበልኩ ያህል ከበደኝ።

እሁድ

ጉባኤው የሚሰበሰበው ከቀትር በኋላ ነው፤ አዳራሹ የስዊድኖቹ ቤተ ክርስቲያን ስለሆነ ጠዋት እነሱ ይጠቀሙበታል። ከኋላ ልቀመጥ ስል አስተናጋጆቹ ፊት ወንበር ላይ አስቀመጡኝ። እትዬ ጽጌ ከሶደርተልየ በቀጥታ መጥተው ማዶ ተቀምጠዋል። ሲያዩኝ ፊታቸው ፈካ፣ እጃቸውን ልባቸው ላይ አደረጉ። ይቅር ብለውኛል ብዬ ዕንባዬ መጣ።

መዝሙሩ አበቃ። ወንድም ኤልያስ ማይክሮፎኑን ይዞ «ዛሬ ምስክርነት አለን!» አለ። «ረቡዕ ስለ እህት ሳራ ጸልየን ነበር። እግዚአብሔር በሁለት ቀን መለሰልን! ቪዛዋን ሰጥተዋታል! ነይ እህቴ፣ በአፍሽ ንገሪን!»

እልልታው አዳራሹን አናጋው። እኔ ከወንበሬ መነሳቴን አላውቅም፤ ብቻ ማይክሮፎኑ እጄ ላይ ነው፣ ሕዝቡ ቆሟል፣ ያጨበጭባል። ሰው በሕልሙ ራቁቱን አደባባይ ሲቆም እንዲህ ይመስለኛል። አንድ አፍታ፣ አልዋሻችሁም፣ «ጌታ ይባረክ» ብዬ ብቻ ብቀመጥስ አልኩ። ነገ እሄዳለሁ፣ ማን ያውቃል? እትዬ ጽጌ ግን ዕንባቸውን እየጠረጉ ያዩኛል።

«ቪዛው አልተሰጠኝም» አልኩ።

ጭብጨባው ከፊት ወደ ኋላ እየረገበ ሄደ። ከኋላ ያልሰሙ ሁለት ሦስት ሰዎች እልልታቸውን ቀጠሉ፣ ከዚያ እነሱም ዝም አሉ። «እንግሊዝኛ የእናቴ ቋንቋ ስላልሆነ፣ ሕጋቸው አይፈቅድም፤ ወላጆቹም ቢያዩኝ ልጆቻቸውን ያስወጣሉ ተባልኩ» አልኩ፤ ድምፄ የሌላ ሰው ይመስላል።

እትዬ ጽጌ ብድግ አሉ። «አዎ ብለሽኛል እኮ! በስልክ! ሰጡሽ ስልሽ አዎ ብለሽኛል!» አሉና አፋቸውን ከፍተው ትንፋሻቸውን ወደ ውስጥ ሳብ አድርገው ለጉባኤው አሳዩ። ያ ሁሉ ሰው ያን ድምፅ ያውቀዋል። አንድ ሰው ሊስቅ ጀመረና ዋጠው።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። የሰሙት ሳጌን ነው። ሶደርተልየ ሄደው ያደሩት፣ ፊታቸውን የሰወሩብኝ፣ የጋሼ በቀለ «የጌታ ሥራ» ሁሉ ከዚያች ትንፋሽ የመጣ ነው። እያለቀስኩ ነበር ብዬ ልናገር ነበር። ነገር ግን ስናገር እሳቸው በሕዝብ ፊት ምን ሊሆኑ ነው? ለቅሶና አዎን የማይለዩ ሊባሉ ነው። «እኔ ነኝ ያጠፋሁት፣ በደንብ አልተናገርኩም፣ እትዬ ጽጌን አሳሳትኳቸው» አልኩ። እትዬ ጽጌ ቀስ ብለው ተቀመጡና ሻሻቸውን ወደ ግንባራቸው ሳቡ።

ወንድም ኤልያስ ምን ያድርግ። ዓይኑን ጨፍኖ «ጌታ ሆይ፣ የዘጋኸውን በር ስለዘጋህ እናመሰግንሃለን» ብሎ ጸለየ። ሁሉም አሜን አለ። እኔ አሜን ማለት አልቻልኩም። በሩን የዘጋው እግዚአብሔር ይሁን ሸሚዙ የተተኮሰው ልጅ አላወቅኩም።

ከጉባኤው በኋላ ምድር ቤት ምግብ አለ። እትዬ ጽጌ ሶደርተልየ ጓደኛቸው ቤት ሲያበስሉ የዋሉት ለዚህ ነው፤ የምስጋና ድግስ ነው። መሀል ጠረጴዛው ላይ አረንጓዴ ልባስ ያለው ትልቅ የስዊድን ኬክ ተቀምጧል፤ በላዩ ላይ በነጭ ክሬም «እንኳን ደስ አለሽ» የሚል ተጽፎበታል። የሚቆርሰው ጠፋ። ሁሉም ኬኩን እያየ ከኬኩ ይሸሻል። በመጨረሻ የጉባኤው ታላቅ፣ እማማ ወርቅነሽ፣ ቢላውን አነሱ። «እንኳን» የሚለውን ብቻ ለይተው ቆርሰው ሳህኔ ላይ አኖሩና «እንቺ፤ እንኳን ቀረብሽ!» አሉኝ። «ፊትሽን አይተው ልጆቻቸውን የሚያስወጡ ሰዎች አገር ምን ትሠሪያለሽ?» ሰው ሁሉ ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። እትዬ ጽጌ ግን ጀርባቸውን ሰጥተውን ሳህን ያጥባሉ።

ከሳቁ በኋላ አንዱም አንዷም ጠጋ እያሉ በጆሮዬ ያንኑ ይነግሩኛል፦ «እጅሽን ስጪ እንጂ! እዚህ ከደረስሽ በኋላ ማን ይመለሳል?» እጅ መስጠት ማለት ጥገኝነት መጠየቅ ነው። ሥራዬን ለቅቄያለሁ፣ ሽኝት በልቻለሁ፣ ምን ፊት ይዤ ልመለስ? ሐሳቡ ልቤን አላለፈውም ብል እዋሻለሁ። ነገር ግን ትመለሳለች ብለው የፈረሙት እትዬ ጽጌ ናቸው። ዛሬ አንዴ አሳፍሬያቸዋለሁ፤ ደግሞ ልደግማቸው? «አልችልም» አልኩ። «ለምን?» ሲሉኝ «ቲኬቴ ደርሶ መልስ ነው» አልኩ። የሰማኝ ሁሉ የሞኝ መልስ ነው ብሎ ሄደ።

ሰኞ

የተመለስኩበትን ነገር አስቀድሜ ልጨርሰው። ናዝሬት ስገባ ክፍሌ ለሌላ አስተማሪ ተሰጥቷል። አቶ ግርማ ሳያላግጡ ተቀብለው በማታው ትምህርት የትርፍ ሰዓት ሥራ ሰጡኝ። ባልደረቦቼ «ለዕረፍት መጣሽ?» ሲሉኝ አንድ በአንድ «አይ፣ አልተሳካም» ማለት ነበረብኝ። እስኪዳረስ ድረስ ወሩ አለቀ። ተማሪዎቼ አየር ሲውጡ ግን አሁን አልቆጣም።

አርላንዳ የሸኙኝ እትዬ ጽጌ ብቻ ናቸው፤ ፈቃድ ጠይቀው ነው ከሥራ የቀሩት። በአውቶቡስ መንገድ ሁሉ ዝም አሉ። እኚያ ድምፃቸው ከሩቅ የሚሰማ ሴት! የሀገሩ ሰው መሰሉ። መግቢያው ጋ ስንደርስ ጓንቴን አውልቄ እጃቸውን ያዝኩ። «እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝ፣ በሰው ፊት አሳፈርኩዎት» አልኳቸው።

«አንቺስ ትሄጃለሽ» አሉ። «እኔ በየእሁዱ እዚያው ወንበር ላይ ነኝ።» ይህን ሲሉ ለወቀሳ አልነበረም፤ እውነቱን ነው የተናገሩት። እኔ ግን እነዚያን ቀናት ሁሉ ሀፍረቱ የእኔ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ሻሻቸውን አስተካከሉ። «አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ እንዳትዋሺኝ። ሌሊቱን ሙሉ ሳወጣ ሳወርድ ነው ያደርኩት። ያ በስልክ የሰማሁት ትንፋሽ፣ አዎ አልነበረም አይደል?»

ያወለቅኩትን ጓንት አጣጥፌ ኪሴ ከተትኩ።

«እያለቀስሽ ነበር።»

ራሴን በአዎንታ ነቀነቅኩ።

«እኔ ስልኩን ዘግቼ» አሉ፣ «የሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ፣ በሕመምተኞቹ መሀል፣ እልል አልኩ። ነርሷ ምን ሆነሽ ብትለኝ ልጄ ተሳካላት አልኳት።» እጄን በሁለት እጃቸው ጨመቁት። «ሳራዬ፣ አንቺ ስታለቅሺ እኔ እልል አልኩብሽ። ይቅር በይኝ።»